የረገፈው ቀለም

በሥዕል ትምህርት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ጭምቷ» ነበር የሚላት። የመጨረሻው ዓመት እስኪደርስ ድረስ ያላለቀ ሥዕሏን ያየ ሰው የለም። የምትሠራው በር ቆልፋ ነው። ሰው ሲያንኳኳ ሸራዋን በአንሶላ ትሸፍንና ነው የምትከፍተው። አንድ ቤት የሚጋሩት ታላቅ እህቷ፣ «አንቺ ግን የምትደብቂው ሥዕል ነው ወይስ ሌባ?» እያለች ታሾፍባታለች።

በዚያ ዓመት መምህሯ የመመረቂያ ሥራዋን ከሌሎች ጋር እንድትሠራ አዘዛት። አንዲት ዳንሰኛና አንድ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ወንዝ ስለምትሻገር ሴት አዲስ ትርኢት እያዘጋጁ ነበርና የመድረኩን መጋረጃ የሚሥልላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

«ብቻሽን መሥራት እንደምትችዪ አይቻለሁ» አላት መምህሯ። «እስቲ ደግሞ ከሰው ጋር ሞክሪው።»

እሺ ብላ ወጣች።

የልምምድ አዳራሹ ድሮ መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንዱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት። ዳንሰኛዋ አጠር ያለች፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ፣ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ቫዮሊነኛው ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ሲሆን፣ ሲሳሳት «ይቅርታ፣ እጄ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው» ይልና እንደገና ይጀምራል። ዳንሰኛዋም አንዱን ዙር ደጋግማ እያበላሸች፣ እየወደቀች፣ እየሳቀች ትነሣለች። ጭምቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው የምታፍረው እሷ ነበረች። ሰው ፊት እንዲህ መሳሳት እንዴት አያስጨንቃቸውም?

«መጋረጃው ከምን ደረሰ?» ትላታለች ዳንሰኛዋ በተገናኙ ቁጥር።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«እስቲ የደረሰበትን አሳዪን፤ እንዳለ።»

«ሲያልቅ ይሻላል።»

እውነቱን ለመናገር መጋረጃው እየሆነላት ነበር። ወንዙን በወፍራም ቀለም ደራርባ ሠርታው፣ ሲያዩት ውኃው የሚገፋ ይመስላል። አንድ ቀን ግን ጨርቁን ስትጠቀልል ቀጭን ድምፅ ሰማች። ዘርግታ ብታየው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወንዙን አቋርጦታል። ከዚያ ብሩሿን አነሣችና በላዩ ላይ ቀባችበት። ማን ያየዋል ብላ ራሷን አጽናናች።

መጋረጃው የተሰቀለ ዕለት ዳንሰኛዋ ፊቱ ቆማ ብዙ አየችው። «ያምራል» አለች።

ሙዚቃው ተጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ ዳንሰኛዋ ሮጣ መጣችና የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጣ በሰውነቷ ላይ ጠመጠመችው። እንዲህ እንደምታደርግ ጭምቷ አታውቅም፤ ጠይቃም አታውቅ። የእንቁላል ቅርፊት ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ወንዙም እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ረገፈ። ዳንሰኛዋ ስትዞር ፍርፋሪውን ረገጠችው፣ ተንሸራተተች፣ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ። ቫዮሊኑ ቀጥ አለ።

ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ነው፣ የተጎዳው ጅማት ነው አለ። ለትርኢቱ የቀረው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነበር።

ጭምቷ ቤት ገብታ የዳንሰኛዋን መውደቅ ለእህቷ ነገረቻትና አልጋ ላይ ተጠቀለለች። እህቷ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«ሄደሽ ጠይቂያታ» አለቻት።

«ምን ብዬ?»

«ያለውን ነዋ።»

«ስንጥቁን አይቼው ነበር። አይቼው ነው የቀባሁበት።»

እህቷ ካውያውን አቆመች። «እሱንም ትነግሪያታለሽ» አለች።

በማግስቱ ብርቱካን ይዛ ወደ ዳንሰኛዋ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተላት ቫዮሊነኛው ነው። ዳንሰኛዋ የታሰረ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ጭምቷ ተቀመጪ ስትባል እንኳ አልተቀመጠችም፤ በሩ ሥር እንደቆመች፣ ሁሉንም ተናገረች።

«እግሬ ይድናል» አለች ዳንሰኛዋ። «ያናደደኝ ሌላ ነው። ስንጥቁን ያየሽ ዕለት ብትነግሪኝ ጨርቁን ባልነካሁት። እኔም እንደምጎትተው አልነገርኩሽም። ያልጨረስሽውን ብታሳዪን ኖሮ ግን ወሬው ወሬን ያመጣው ነበር።»

«እኔ ስሳሳት በየቀኑ ትሰሚያለሽ» አለ ቫዮሊነኛው ብርቱካን እየላጠ። «ያንቺን ስሕተት ግን አንድ ቀን አላየንም። እኔማ ይቺ ልጅ አትሳሳትም ብዬ ፈርቼሽ ነበር።»

ጭምቷ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አለች። እሷን የሚፈራ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

«ነገ አዲስ ጨርቅ ይዘሽ ነይ» አለቻት ዳንሰኛዋ። «እዚሁ፣ እኛ ፊት ትሠሪዋለሽ።»

በነጋታው ዳንሰኛዋ ሳሎን ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፉና ስስ ጨርቅ ዘረጉ። አሁን የምትሠራው በወፍራም ቀለም ሳይሆን ጨርቁ በሚጠጣው ቀጭን ማቅለሚያ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር ስትስብ ቀለሙ ፈሰሰ። ሳታስበው በመዳፏ ልትሸፍነው ተጎነበሰች።

«ተዪው» አለች ዳንሰኛዋ። «የት እንደሚሄድ እንየው።»

ቀለሙ ሄደ፣ ሄደ፣ የወንዝ ክንድ የመሰለ ነገር ሠርቶ ቆመ። ሌላ ቀን ቫዮሊነኛውን፣ ዜማውን እዚህ ጋ ለምን ታቆመዋለህ ብትለው፣ «የሚቀጥለው እንዲሰማ ነው» አላት። እሷም አስባ አስባ ከጨርቁ መሐል ሰፊ ቦታ ሳትቀባ ተወች። ዳንሰኛዋ መዝለል ስላልቻለች ጭፈራውን ሁሉ ወደ መሬት አወረደችው፤ ወንዙም አብሮ ዝቅ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፍርሃቱ አልለቀቃትም።

የትርኢቱ ምሽት አዳራሹ ጢም ብሏል። ጭምቷ ከመድረኩ ጎን፣ ተመልካች ከማያያት ቦታ ቆማለች። ዳንሰኛዋ ጨርቁን ስትጎትተው አልተሰነጠቀም፤ እንደ ትንፋሽ ተከተላት። እፎይ ልትል ስትል ግን የዳንሰኛዋን ክንድ አየችው። በመብራቱ ሙቀት አልቧት፣ ሰማያዊው ቀለም ቆዳዋ ላይ ተላልፏል። ጭምቷ ጨርቁን በውኃ ነክራ ፈትናው ነበር፤ ላብ ግን ትዝ አላላትም።

ዳንሰኛዋም ክንዷን አየች። ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ቀለሙን ቀስ ብላ ወደ አንገቷ፣ ወደ ጉንጯ ሳበችው፤ ወንዙ እሷ ላይ የወጣ መሰለ። ቫዮሊነኛው አይቷታል፤ የያዛትን ድምፅ ከልምምዱ ይልቅ አስረዘማት። ተመልካቹ ድሮም እንዲህ የታሰበ መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። ጭምቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጭብጨባው ሲመጣም አልተነሣችም።

በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የዳንሰኛዋን ክንድ በሳሙና ስታሽ ቀለሙ ንቅንቅ አልል አለ።

«ቆዳዬን ይጎዳዋል?» አለች ዳንሰኛዋ።

ጭምቷ አይጎዳም ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገ ጠዋት ሱቁ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

«ሁሌም እንደዚህ ንገሪኝ» አለች ዳንሰኛዋ። እግሯ እንደገና አብጦ ነበርና መታጠቢያው ላይ ተደገፈች።

ቫዮሊነኛው በሩን አንኳክቶ፣ «እህትሽ ደጅ ላይ ቆማ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያስቆመች፣ መጋረጃው የእህቴ ነው እያለች ነው፤ ምን ልበላት?» አለ።

«ትጠብቀኝ በላት» አለች ጭምቷ። ወንበር ስባ ዳንሰኛዋን አስቀመጠቻትና ተንበርክካ ክንዷን ማሸት ቀጠለች።