የዋጋነሽ ክርን

ዋጋነሽ ገሜዳ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ባለው መንገድ ዳር ጠላ ትሸጥ ነበር። በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ ከሰቀለች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ባል የቀበረችውም ፀጉሯ የሸበተውም በዚያ ጣሳ ሥር ነው። ጠላዋ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ስለ ሞተች አይደለም። በሕይወት ሳለች ጎረቤቷ ባጫ እንኳ ያምን ነበር፤ ባጫ ደግሞ እንኳን የጠላን ጥሩነት የፀሐይን መውጣት በቀላሉ የሚያምን ሰው አልነበረም።

ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መቅመሷ የቆየ ወግ ነው። መርዝ የለበትም ለማለት ነው፤ ግን ማንም መርዝ አለ ብሎ አያስብም ነበር። ጣሊያን ገባና ወጉ ተለወጠ። በተለይ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች አገሩ ሁሉ ሊመርዛቸው የተማከረ ይመስላቸው ጀመር። ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። መዳፍ ቀረና «ጣሳውን ሙሉ ጠጪ» መጣ። አንድ ጭፍራ ሲገባ አንድ ጣሳ፣ ሌላው ሲገባ ሌላ ጣሳ። ዱሮ ለበዓል ካልሆነ ብዙም የማትጠጣው ሴት በመንግሥት ትእዛዝ ጠጪ ሆነች።

በዚያው ክረምት ሁለቱ ክርኖቿ ላይ ቀይ ነገር ወጣ። ቀዩ ነጭ ቅርፊት ለበሰ፤ ቅርፊቱም ስታከው እንደ እብቅ ይረግፋል። ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ፣ ቀጥሎ ከሻሿ ሥር ወጣ። እሬት ቀባች፣ ጠበል ገባች፣ ቅቤ ተቀባች። ምንም የለም።

ጎረቤት ደግሞ ምክር አይነፍግም። የክፉ ቀን ጓደኛዋ ከበደች፣ በርበሬ ስለሚያቃጥላት፣ «በርበሬውን ተይው» አለቻት። ሽምብራ ሆዱን የሚነፋው ባጫ «ሽምብራ ነው» አለ። ጥርስ የሌላቸው አንድ መሪጌታ ጥሬ ሥጋ ከለከሏት። ሁሉም የከለከላት ራሱ የማይወደውን ነበር። ዋጋነሽ ሁሉንም ታዛ በአልጫና በቆሎ ቂጣ ከሳች። ጠላን ግን ማንም አልከለከላትም።

ማሳከኩን ትችለው ነበር። የማትችለው ስሙን ነው። ሰው ቅርፊት ሲያይ ችፌ ወይም ቋቁቻ ብሎ አያልፍም፤ አንዲት ቃል አለችው፤ እሷም ቁምጥና ናት። ጠላ ሻጭ ቁምጥና አለባት ከተባለ ጣሳውን ከእንጨቱ አውርዶ በረሃብ መሞት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ እጅጌ አስረዘመች። በበጋ፣ እሳት ዳር፣ እስከ አንጓዋ ተሸፍና ሲያልባት ላያት ጨዋ ትመስል ነበር።

ከዚያ ጌሾ ጠፋ። አርበኞች መንገዱን ዘግተው ነጋዴ ማለፍ ሲያቅተው የቀራንዮ ጋን ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። የጠጪው ኀዘን ከባድ ነበር። ዋጋነሽ ግን ለጠላ ያዘጋጀችው ገብስ እንዳይበላሽ ብላ ቆልታ ጋግራ ቀሪቦ ጠመቀች። ቀሪቦ ጌሾ የለበትም፤ አያሰክርም፤ ባጫ «የዝናብ ውሃ በሐዘን» ይለዋል። እሷ እሱን እየጠጣች ሰነበተችና አንድ ጠዋት ሻሿን ስትፈታ ምንም አልረገፈም። ክርኗን አየች፤ ቅርፊቱ ሳስቷል። በርበሬ በላች፤ ምንም አልሆነችም። ሽምብራም በላች። ጌሾ ተመልሶ ጠላው እንደገና በጣሳ ሲመጣ ግን ቅርፊቱም ተመለሰ።

«ከበዱ፣ ጠላው ነው» አለቻት ለከበደች።

«ዝም በይ» አለች ከበደች፣ ዙሪያዋን አይታ። «ጠላ ሻጭ እንዲህ ትላለች?»

ከዚያ በኋላ ዋጋነሽ በጣም ብልህ የመሰላትን ነገር አደረገች። ከጠላው ጋን አጠገብ ትንሽ እንስራ ቀሪቦ አስቀመጠች። መልኩ ከጠላ አይለይም። ወታደር ሲመጣ ከእንስራው ቀድታ ጭልጥ ታደርግና ለእሱ ከጋኑ ትቀዳለታለች። ሻጭ ከአንዱ ጠጥታ ለገዢ ከሌላው ስትቀዳ ምን እንደሚመስል አላሰበችበትም። ክፋት በልቡ የሌለ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይታየውም፤ ለዚህም ነው ብዙ የሚሰቀለው።

ሹምባሽ ወልደሰንበት ግን ታየው። ለጣሊያን አድሮ ወታደር የሚያዝ፣ ቤቷ የሚያዘወትር ሰው ነው።

«አንቺ፣ ይሄ እንስራ የማነው?»

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጋኑስ?»

«የናንተ።»

መደቡ ላይ የተቀመጠው ባጫ ዓይኑን ጨፈነ። ሹምባሹ ጠመንጃውን አነሳ። ዋጋነሽ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ከጋኑ ቀድታ ፊቱ ጠጣች።

«ቀስ ብሎ የሚገድል ይሆናል» አለ ሹምባሹ። «ለምንድነው የራስሽን የለየሽው?»

መርዘኛ ናት ከተባለች ገመድ ነው። ቆማጣ ናት ከተባለች ረሃብ ነው። ረሃብ ቀስ ይላል ብላ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች፤ ቅርፊቱ ገና አልለቀቃትም ነበር።

«ይኸው ነው፣ ጌታዬ። ጠላ ስጠጣ ይብስብኛል። ሌላ ነገር የለውም።»

ሹምባሹ የነገረችውን አልሰማም፤ ያየውን ብቻ አየ። ጣሳውን ወረወረ፤ ወታደሮቹም አፋቸውን እየጠራረጉ ወጡ። በማግስቱ በሯ ላይ በኖራ ምልክት ቀቡና ወታደር ሁሉ እንዳይገባ ከለከሉ። ጎረቤቱም አልመጣም። ዋጋነሽ ከጋኗ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች፤ ጠላው ሆምጥጦ ተደፋ።

መጀመሪያ የመጣችው ከበደች ናት። ገብታ ቁጭ አለችና «ቅጂልኝ» አለች። ቀጥሎ ባጫ በሩ ላይ ቆሞ ኖራውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ማንም ወታደር የለም።

«ቁምጥና የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው» አለ። «ባንዳ ግን ወዲያው ነው።» ገባ።

ከእሱ በኋላ ሌላው ተከተለ። ሰው በነፃነት የሚያማበት ቤት በአካባቢው ያ ብቻ ሆነ። ቅመሺ የሚላትም ጠፋ፤ ባትነካው የሚመርጡ ነበሩ። ስለዚህ ጠላ መጠጣት ተወች፤ ክርኗም ጠራ፤ እንደ ሕፃን ክርን ሆነ። ጎረቤቱ አይቶ «ለካ ቁምጥና አይደለም» አለ።

ችግሩ ያን ጊዜ መጣ። ሹምባሹ አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ቆሞ «ክርንሽን አሳዪ!» ይላል። የጠራ ክርን ካየ ኖራው ይፋቃል፤ የእንስራውም ነገር እንደገና ይነሳል። ስለዚህ የጤፍ ሊጥ በአመድ ለውሳ መቀባት ጀመረች፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ከበደች ቆማ ታያትና «የግራው አላማረም፣ ጨምሪበት» ትላታለች። የቀራንዮ ሰው ምስጢር አይጠብቅም ይባላል። ይህን ግን ጠበቀ፤ ጠላው ይቀርበታላ።

ጣሊያን ሊወጣ ዓመት ሲቀረው ከአስኮ በኩል አንድ ሰው መጣ። የራሱን ዋንጫ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌላው የጠጣበትን ዕቃ እንዳይነካ የለመደ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

«ነገሬ እባላለሁ። እትዬ፣ እንደኔ የታመሙ ሴት እዚህ ጠላ ይሸጣሉ፣ ሰውም አይሸሻቸውም አሉኝ። እኔን የትም አያስገቡኝም።»

ክርኑን አሳያት። እውነተኛ ነው፤ ዋጋነሽ ሊጥን ከቆዳ ትለያለች።

ባጫ ጉሮሮውን ጠረገ። ጆሮ ጠቢ በዚያ ዘመን በየመልኩ ይመጣ ነበር፤ ክርኑን የሚያመው ጆሮ ጠቢ አይኖርም ያለ የለም። ከበደችም ዓይኗን አጉረጠረጠችባት። ዋጋነሽ ዋንጫውን ተቀብላ ጋኑ ዘንድ ሄዳ ቆመች። ብትቀዳለት ይጠጣል፣ ይብስበታል፣ የሚሄድበት ስለሌለው ይመለሳል፤ ደንበኛ ማለት እሱ ነው። እውነቱን ብትነግረውና ሰውየው የሹምባሹ ቢሆን ደግሞ ከቤቷ ወደ ገመድ ነው። ፈራች።

ዋንጫውን ባዶውን አስቀመጠችና ውሃ ቀድታ ክርኗን አሸችው። ሊጡ እየተገመሰ ወደቀ።

«የኔም እንዳንተ ነበር» አለችው። «ጠላውን ስተወው ለቀቀኝ። ላንተ ይሠራ እንደሁ እንጃ፤ ሞክረው። እዚህ ቤት ግን ጠላ አትጠጣም።»

«መድኃኔዓለም!» አለ ባጫ።

ነገሬ የጠራውን ክርን አየው። ሮጦ ይሄዳል ብለው ጠበቁ። ፊቱ ግን ጠቆረ፤ ዋንጫውን አንስቶ ጉያው ከተተ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ጠላውን እተዋለሁ፤ እሱስ አይከብድም» አለ። «የመጣሁት እንደኔ ያለ ሰው አለ ብለውኝ ነው።»

ዋጋነሽ ደግ የሠራች መስሏት ነበር፤ ለካ ያለውን አንድ ሰው ወስዳበታለች። «ተቀመጥ» አለችው። ነገሬ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም።

ባጫ መደቡ ላይ ፈቀቅ አለ። ዋጋነሽ ሊሸሸው ነው ብላ ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ባጫ ግን የለቀቀውን ቦታ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገለት።