የተመረቀው ፓወር ሰፕላይ

ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ሁልጊዜ ፊልሙን ላወጣ ስል ነበር። ስጽፍ አይጠፋም፤ ሳነብም አይጠፋም። የቆራረጥሁትን ምስል አገጣጥሞ አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣልኝ ያዘዝሁት እንደሆነ ግን ማራገቢያው እየጮኸ፣ እየጮኸ ይሄድና ጠቅ ይላል። ከዚያ ጨለማ። በጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴን ፊት አያለሁ። መኝታ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው በአልጋውና በበረንዳው በር መካከል ስለተሸጎጠ ተናድጄ ብድግ ልበል ብል እንኳ መጀመሪያ ወንበሩን አልጋው ላይ መስቀል ነበረብኝ።

ፊልሙ ማትናስ በምንለው በሰፈሩ የባህል ማዕከል የምማረው ኮርስ የመጨረሻ ሥራ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባሁበትን ትምህርት ሁሉ መሐል ላይ አቋርጬ ወጥቻለሁ፤ አንዱን በእርግዝና፣ አንዱን በፈረቃ ሥራ፣ አንዱን በእናቴ ሕመም። ይኼኛውን ግን እስከ ጫፉ ደርሻለሁ። ፊልሙን ከፋሲካ በፊት ካስረከብሁ የምስክር ወረቀት አገኛለሁ። ካላስረከብሁ እንደ ቀድሞው ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

ፊልሙ ውስጥ ያሉት የባሌ አባት ናቸው። በጎንደር ገጠር ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። አሁን እዚህ አገር፣ ቤኤር ያዕቆብ በምትባለው ከተማ ካለው ቤታቸው ግቢ ወናፍ ሰፍተው፣ ፍም አቀጣጥለው፣ ማጭድ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩኝ። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ ስለ ጭሱ እስክትጮህባቸው ድረስ ቀረጽሁ። እሳቸው ጩኸቱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። "ቅረጭ፣ ቅረጭ፣ ብረቱ ሳይበርድ" ይሉኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ የልጄ ነበር። ወታደር ስትገባ ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ለጨዋታ ብላ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ጨምራበት ነበር፤ የፊልም ማቀናበሪያው ፕሮግራምም የሚሮጠው በዚያው ካርድ ነው። ባሌ "ቫይረስ ነው" አለኝ፤ እኅቴም "ቫይረስ ነው" አለች። ልጄ ግን ከጦር ሰፈሯ በስልክ ሳቀችብኝ፤ እማዬ በማለት ፈንታ እንደዚህ አገር ልጆች "ኢማ" ነው የምትለኝ።

"ኢማ፣ ፓወር ሰፕላዩ ነው። የድሮው ሦስት መቶ ዋት ነው፣ ካርዱን አይችለውም። አምስት መቶ ግዢ፣ ያላ፣ በቃ ልሂድ፣ እየጠሩኝ ነው።"

"ለምን አምስት መቶ? ለምን አራት መቶ አይሆንም?"

"ኢማ! ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?"

እኔ እጠይቃለሁ። የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ ክኒን አልውጥም። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው የብረት ሣጥን ነው። የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም አየሁ፤ ስንት ዋት እንደሚበላም ከአምራቾቹ ገጽ ላይ ፈለግሁ። ካርዱ መቶ ሰባ፣ ፕሮሰሰሩ ሰማንያ አራት፣ ማራገቢያውና ዲስኩ ተደማምረው ሃምሳ ገደማ። ሦስት መቶ ያልፋል። ዕቃው ዘወትር በሙሉ ጉልበቱ እንዳይሠራ ትርፍ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አምስት መቶ ትክክል ነው። ደግሞም በጉልህ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳሁ። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚበሉት ከአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። አምፔሩን በአሥራ ሁለት ማባዛት ነው፤ እውነተኛው ጉልበት የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ቢሉ ሴንተር ወደሚባለው የገበያ ማዕከል ሄጄ ልክ የሚሆነውን መረጥሁና እሑድ ልገዛው ወስኜ ተመለስሁ።

ባሌ ይህን ሁሉ ለአባቱ በስልክ አወራላቸው።

ዓርብ ጧት በሩ ተንኳኳ። አማቴ ናቸው፤ የፕላስቲክ ከረጢት እንደ ሕፃን አቅፈው።

"አንቺ ልጅ፣ ብረት ሲቸግርሽ ለእኔ አይነገርም እንዴ?"

"ላስቸግርዎ አልፈለግሁም፣ አባባ።"

"ከሹቅ፣ ከገበያው ነው ያመጣሁት። ሻጩ ሁለት አሳየኝ። አንደኛው ቅል ነው፣ ባዶ ቅል። ይኸን እይው እስቲ፣ ያዢው!" እጄ ላይ አስቀምጠው መልሰው ወሰዱት፤ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መዘኑት። "እኔን በብረት ማንም አያታልለኝም። ሰባት መቶ ሃምሳ ነው አለኝ። አንቺ አምስት መቶ አይደል የፈለግሽ?"

እንዳመሰግናቸው እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። "ተነሡ" አሉ። ባሌ ከሶፋው ተነሣ፤ እኔም እጄን ዘረጋሁ። ፓወር ሰፕላዩን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘው መረቁን። "የጀመርሽውን ለመጨረስ ያብቃሽ። እጅሽ ይባረክ። ይህ ብረት ቤትሽን ያብራው፣ መሐል ላይ አያቋርጥብሽ።"

"አሜን" አልን። በደቃቁ የተጻፈበት ጎን በመዳፋቸው ተሸፍኖ ነበር።

በባሌ ቤተሰብ አማቴ የመረቁት ዕቃ እሳቸው በሕይወት እያሉ ከቤት አይወጣም። ማንም ደንብ ብሎ አልተናገረውም፤ ግን አይወጣም። ወደዚህ ቤት ስንገባ የመረቁት ማቀዝቀዣ በሩ አልዘጋ ካለ ቆይቷል፤ በገመድ እያሰርነው እንኖራለን። አንድ ጊዜ ባሌ ሊጥለው ሲል እናቱ "አባትህ በአፋቸው የባረኩትን?" ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን ነው የምንቀይረው።

አማቴ ምሳ በልተው ሲሄዱ ጽሑፉን አነበብሁ። በአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር አሥራ ስድስት አምፔር ይላል። አባዛሁት። መቶ ዘጠና ሁለት። ካርዱና ፕሮሰሰሩ ብቻቸውን ከዚህ በላይ ይበላሉ፤ ከአሮጌው እንኳ የባሰ ነው። ይህን ያህል ለምን ከበደ ብዬ በማራገቢያው ወንፊት በኩል ባትሪ አበራሁበት። ከአንድም ሽቦ ጋር ያልተያያዘ ጠፍጣፋ ብረት፣ ለክብደት ብቻ፣ ጥግ ላይ ተጣብቋል።

"ሌላውን ገዝተሽ አስገቢው፤ አባቴ እንደሆነ አያነብም" አለ ባሌ።

"በየሳምንቱ መጥተው፣ ሣጥኑን አስከፍተው በእጃቸው ሲዳስሱትስ?"

"ሁሉም ጥቁር ነው።"

"እሳቸው ብረት ዳስሰው አይለዩም ነው የምትለኝ?"

አይቶ መለየት ሌላ፣ መዳሰስ ሌላ መሆኑን እሱም ያውቃል። ደግሞ ምን ብዬ ልንገራቸው? ዕድሜ ልካቸውን ብረት ቀጥቅጠው፣ በብረት ተታለሉ ልበላቸው?

እሑድ ወደ ቢሉ ሴንተር አልሄድሁም። የአማቴን ፓወር ሰፕላይ አስገብቼ ሞከርሁት፤ ምስሉ መገጣጠም ሳይጀምር ጠፋ። እንደገና ሞከርሁ። ጠፋ። የማስረከቢያው ቀን እየደረሰ ነበር። በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩን ትቼ የሚበላውን ቀነስሁ፤ የልጄን ካርድ ነቅዬ አወጣሁ። ፕሮሰሰሩ በራሱ ቀለል ያለ ምስል ያወጣል። ፕሮግራሙ ግን መንፏቀቅ ጀመረ። ቀለሙን ያስተካከልሁበትን ሥራ አልሸከም ስላለ ሰረዝሁት፤ ምስሉንም አሳነስሁት። የፍሙ ቅላት፣ ለእሱ ስል ስንት ጊዜ የደከምሁበት፣ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ግን አልጠፋም።

አስረከብሁ። አስተማሪው አልፈሻል አለኝ፤ "ምስሉ ለምን እንዲህ ደበዘዘ? ክፍል ውስጥ ስታሳዪን ግሩም ነበር" ሲል ጠየቀኝ። "ኃይል አነሰኝ" አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ።

በፋሲካ ልጄ ፈቃድ መጣች። አማቴም ነበሩ፤ ሳሎን ተቀምጠው ፊልሙን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ፤ በየመሐሉም "ይኸን ያወጣው ያ ብረት ነው" ይላሉ። ልጄ መኝታ ቤት ገብታ ሣጥኑን ከፈተች።

"ኢማ፣ ካርዴስ?"

"መሳቢያ ውስጥ ነው። በካልሲ ጠቅልየዋለሁ።"

"ቤሰደር፣ እሺ። መቼ ነው የምንመልሰው?"

"ሌላ ፓወር ሰፕላይ ስናስገባ።"

"እሱስ መቼ ነው?"

አፌን ከፈትሁ። መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ቆመ። የአማቴ ሳቅ ከሳሎን ይሰማል። ልጄ ፊቴን አየችና ዓይኗ ፈጠጠ።

"ሐስ ቬሻሎም፣ ኢማ!" አለች፤ አይምጣብን እንደ ማለት ነው።

"ምን አልሁ? ምንም አላልሁም!"

ወንበሩን አልጋው ላይ ሰቅዬ ወጣሁ። አማቴ ሳሎን ከመስኮቱ ትይዩ ተቀምጠው ነበር፤ ነፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱን ዘጋሁላቸው፤ ጋቢያቸውንም ትከሻቸው ላይ አስተካከልሁ።

"ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጄ" አሉኝ።

"የእርስዎ ይርዘም፣ አባባ" አልሁ፤ ከልቤ ነበር።