የዳኛው ቃል አቀባይ

በእነሱ ቤት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ራሱ የጨረሰ ሰው የለም። አንዱ አፉን ሲከፍት ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው አራት ነጥብ ያኖርበታል። እናት የቴሌቪዥን ዜና አንባቢውን ሳይቀር ይቀድሙታል። «ሚኒስትሩ በዛሬው ዕለት...» ሲል እሳቸው ከጓዳ «አስታወቁ!» ይላሉ፤ እስካሁን ተሳስተው አያውቁም። አባት በሰፈሩ ዝምተኛ ተብለው ይታወቃሉ። ዝምተኛ እንኳ አይደሉም፤ ተራ ደርሷቸው ስለማያውቅ ነው።

ከዚህ ቤት የወጣችው ልጅ ናት እንግዲህ በሳይኮሎጂ ተመርቃ፣ ፎቶዋ ሳሎን በተሰቀለ ማግሥት ሥራ ያገኘችው፤ የልዩ ፍላጎት ረዳት መምህርት ሆና።

«ረዳት?» አለ አጎቷ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ። «የአውቶቡስ ነው የሚኒባስ?»

«የመምህር ነዋ!» አሉ እናት፣ ልጅቷ ትንፋሽ ሳትስብ። «ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ነው የምትረዳው።»

«ልዩ ፍላጎትማ እኔም አለኝ። እዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳልቋረጥ...»

«ማን ከለከለህ፣ ተናገር!» አሉ እናት።

የተመደበችበት ክፍል ወንበሮቹ ከማጠራቸው የተነሳ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯን ይነካል። ክፍሉ ሙጫና እርጥብ ካፖርት ይሸታል። የክፍሉ መምህርት ጡረታ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሴት ናቸው። የምትረዳውን ልጅ ከሩቅ አሳዩዋት። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹ «ዳኛው» ይሉታል። ስም አውጪዎቹ አልተሳሳቱም። አንድ ነገር ሲጠይቁት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ጉዳዩን ይመረምራል፣ አንዳንዴም ለሌላ ቀጠሮ የሚያሳድረው ይመስላል። ከዚያ መልሱን ይሰጣል፤ ይግባኝ የለውም።

«ይሄ ልጅ ይሰማል፣ ያውቃል» አሉ መምህርቷ። «ብቻ መልሱ በእግሩ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዋናው ሥራሽ...»

«መጠበቅ ነው!» አለች ቀድማቸው።

መምህርቷ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ወደ ሰሌዳቸው ሄዱ።

ልጅቷ ሥራዋን በሙሉ ልቧ ያዘች። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች፣ የምሳ ዕቃውን ትከፍትለታለች፣ እርሳሱን እስኪያልቅ ትቀርጽለታለች። መምህርቷ «ዳኛው፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ሲሉ ከጎኑ «ማክሰኞ ሊል ነው!» ትላለች። ሥዕል ሲሆን ሰማያዊውን ቀለም ታቀብለዋለች፤ ሰማያዊ እንደሚወድ ደርሳበታለች፣ እንዴት እንደደረሰችበት ግን ራሷም አታውቅም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ እሱን መጠየቅ ትተው እሷን ይጠይቃሉ።

«ቲቸር፣ ዳኛው ኳስ ይጫወታል?»

«ይጫወታል እንጂ!»

ልጁም ሞኝ አይደለም። ጸሐፊ እንደተመደበለት ባለሥልጣን ሆነ፤ ሲጠየቅ ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል፣ የመለሰችለትን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ በቃ፣ ሥራው አለቀ። መምህራኑ ቃል አቀባይ አሏት። ሙገሳ መስሏት ለእናቷ ነገረች፤ እናቷም ለጎረቤቱ ሁሉ።

አንድ ከሰዓት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መምህርቷ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ጠሯት።

«ቃል አቀባይ፣ እስቲ ነይ። ስትመጪ ይሄ ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ይመልስ ነበር። አሁን ጭራሽ ተወው። ምን ያድርግ፣ አንቺ አለሽለት!»

ልጅቷ የያዘችው ወንበር እጇ ላይ ቀረ።

«በመንፈቁ መጨረሻ ገምጋሚ ይመጣል» አሉ መምህርቷ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው። «ልጁ በራሱ አፍ ካልመለሰ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ታችኛው ሕንፃ፣ ለብቻ ወደሚቀመጡበት ክፍል ይወርዳል። እዚያ የወረደ ልጅ ደግሞ ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም።»

«እኔ ለገምጋሚው አስረዳዋለሁ! ሁሉንም እኮ ያውቃል፣ ብዬ...»

«አየሽ?» አሉ መምህርቷ።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ፊቷ ጠቁሮ ተቀመጠች። እናትና ወንድሟ ስለ አጎቷ፣ አጎቷ ስለ ራሱ ያወራሉ። በመሃል አባት ማንኪያቸውን አነሱ።

«እኔ እኮ የምለው፣ ይሄ ሾርባ...»

«ይጣፍጣል!» አሉ እናት።

አባት እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አጎነበሱ። ልጅቷ ግን ያን ንቅናቄ አየችው። የት እንደምታውቀውም ገባት፤ ቀን ቀን ከጎኗ እየተቀመጠ የሚነቀንቅላት አለ።

«ቆዪ እማዬ። አባዬ ይጨርስ።»

ማቀዝቀዣው ድምፅ እንዳለው ቤተሰቡ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ወንድሟ ደንግጦ «አባዬን አሞታል እንዴ?» አለ። አባት መንገድ ሊሻገር እንዳለ ሰው ግራና ቀኝ አዩ፤ የሚመጣ አልነበረም።

«...ጨው ይበዛበታል» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ እናት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

አንዴ መንገዱ ተከፍቶላቸዋልና አባት ቀጠሉ፤ «ከተጋባን ጀምሮ።»

አጎቷ ሾርባው ትን እስኪለው ሳቀ። እናት ድስቱን ይዘው ወደ ጓዳ ሲገቡ የተናገሩት እዚህ አይጻፍም። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም። ለዳኛው «ይጣፍጣል» ካለችለት ውስጥ ስንቱ ጨው የበዛበት ይሆን?

በማግሥቱ ቀለሞቹን ሁሉ ፊቱ ደረደረችና «የትኛውን ትፈልጋለህ?» አለችው። ከዚያ መዳፎቿ ላይ ተቀመጠች፤ እጇ ካልታሰረ ምላሷም እንደማይታሰር ታውቃለች። ልጁ ወደ እሷ ዞረ። እሷ መስኮቱን አየች። ጣሪያውን አየ። ከጎኑ ያለችው ለፍላፊ ልጅ ቤት ሣለች፣ ፀሐይ ሣለች፣ ዛፍ ሣለች። ቃል አቀባይዋ ያልተነገረው ሰማያዊ ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ልታብድ ደረሰች።

«ቡናማ» አለ ዳኛው።

ቡናማ! ስንት ሰማያዊ ዝሆን፣ ስንት ሰማያዊ ቤት ነው ያሣለችው! በዚያው ሳምንት ደግሞ ኳስ እንደማይወድ ነገራት። እሷ ግን በየእረፍቱ ወደ ሜዳ ስትልከው ነበር። ይቅርታ ጠየቀችው። ይቅርታውን ለመቀበል ጊዜ ወሰደ፤ ጠበቀችው።

መንፈቁ አለቀና ገምጋሚው መጣ። ጨዋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ከሰዓቱ ጋር የሚጣላ ሰው ነው። ጠባቧ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ከልጁ ፊት ተቀመጠ። መምህርቷ በሩ አጠገብ ቆሙ። ረዳቷ አፏን እንዳትከፍት ተነግሯት ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«ውሻ ስንት እግር አለው?» አለ ገምጋሚው።

ልጁ ጣሪያውን አየ። ገምጋሚው ትንሽ ጠብቆ ሥዕል አነሣ፤ «እሺ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

«አራት» አለ ልጁ።

ሥዕሉ ጃንጥላ ነው። ገምጋሚው በእስክሪብቶው ኤክስ አደረገ። «ስትታመም ማን ጋ ትሄዳለህ?»

«ጃንጥላ።»

ኤክስ። «ማታ ማታ ሰማይ ላይ ምን ይታያል?»

«ሐኪም።»

ረዳቷ ነገሩ ገባት። ልጁ አንዱንም አልሳተም፤ ገምጋሚው ነው ጥሎት የሮጠው። ግን ከተናገረች፣ ያለ ረዳቱ አይሆንለትም ተብሎ ይጻፍበታል። ካልተናገረች ልጁ በትክክለኛ መልሶቹ ታች ሕንፃ ይወርዳል። ገምጋሚው ቀጣዩን ሥዕል ሲያነሣ ብድግ አለች።

«ይቅርታ ጌታዬ። መልስ አልነግርዎትም። ልጁ አንድ ጥያቄ ወደኋላ ነው ያለው። እባክዎ ይጠብቁት።»

መምህርቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገምጋሚው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ወረቀቱን አየ፣ ጣቱን አንድ መስመር ወደ ላይ አወጣ። አራት፣ ለውሻው። ጃንጥላ፣ ለሥዕሉ። ሐኪም፣ ለበሽታው። ቅንድቡ ቀስ እያለ ወደ ፀጉሩ ወጣ።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚጠበቀው?»

«እስኪጨርስ» አለችና ተቀመጠች።

ገምጋሚው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማታ ሰማይ ላይ ምን ይታያል?» አለ እንደገና፤ ጠበቀም። ጥበቃው ረዘመ። የሰውየው ከንፈር ራሱ «ኮ...» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ሰው ነውና። ዋጠው።

«ኮከብ» አለ ልጁ። ገምጋሚው እስክሪብቶውን ሲያነሣ ጨመረበት፤ «ደመና ከሌለ።»

ዳኛው ከጓደኞቹ ጋር ቀረ። የረዳቷም ሥራ ጸና። ገምጋሚው ግን ከውሳኔው በታች አንድ ነገር አሰፈረ፤ ረዳቷ ከልጁ ጎን ተነሥታ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ትቀመጥ።

«ተባረርኩ ማለት ነው?» አለች።

«ምን መባረር፣ ተሾምሽ እንጂ!» አሉ መምህርቷ። «እንደዚህ ከበረታሽ በዓመቱ መጨረሻ ኮሪደር ላይ እናስቀምጥሻለን።»

ሰኞ ጠዋት ከኋላ፣ ካፖርቶቹ ሥር ተቀመጠች። የእሷን ወንበር ያቺ ለፍላፊ ልጅ ወርሳዋለች። ትንሽ ቆይታ ለፍላፊዋ ወደ ዳኛው ዞረችና «ላጲስህን ታውሰኛለህ?» አለችው፤ መልሱንም ሳትጠብቅ እጇን ሰደደች። ዳኛው መዳፉን ላጲሱ ላይ ከደነ። ለፍላፊዋ እጇ አየር ላይ እንዳለ ጠበቀች፤ ረዳቷም ከኋላ መዳፎቿ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

«አላውስም» አለ።

«ቲቸር! አላውስም አለኝ!»

«ሰምቻለሁ» አለች ረዳቷ ከካፖርቶቹ መሃል። ለንፉግነት እንደዚያ ፊቷ ሲበራ አይቶ የማያውቀው የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዞሮ አያት።