አንዲት የተበላሸች መስመር

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? ይህን የምጠይቀው በመዝገብ ቤታችን ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረውን ሰው እያሰብኩ ነው። «ሊቁ» እንለው ነበር፤ ለማክበር አልነበረም።

አምሳ ዓመት ሲሞላው አንድ ነገር ከነከነው። ቁልፉ ተጭኖ ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ማሽኑ ውስጥ ምን ይሆናል? እኛን ባለዲግሪዎቹን ጠየቀን። የምናውቀው ቁልፉን መጫን ብቻ ነበርና ሳቅንበት፤ ሳቅ ለአላዋቂ ደህና መጋረጃ ነው። እሱ ግን ማሽኑን ለማወቅ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ቋንቋ ራሴ ልሥራ ብሎ ተነሣ። በምሳ ሰዓት በዕቃ ክፍሉ፣ በተሰበሩ ወንበሮች መካከል ተቀምጦ፣ ፊደል ለቅሞ ቃል፣ ቃል አያይዞ ትእዛዝ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ። አራት ዓመት ፈጀበት። የቋንቋው ቃላት አሥራ አንድ ናቸው።

አንድ እሑድ «ሰባት ያዝ፣ አምስት ደምር፣ አሳይ» ብሎ ጻፈና ሚስቱን ጠራት። አሥራ ሁለት ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ነው አራት ዓመት? እኔን ብትጠይቀኝ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እነግርህ ነበር!»

«መልሱን መች አጣሁት? መንገዱን ነው እንጂ።»

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ወጣቱ ጸሐፊ ተነሣበት። «ጋሼ፣ በቋንቋህ ‹ምሳ ጋብዘኝ› እንዴት ይባላል?»

«እሱን አልሠራሁትም። ያለ ቋንቋም ስትበላ አይቼሃለሁ።»

ጡረታ በወጣ ዕለት ለስድስታችንም የቢሮው ሰዎች አንድ አንድ ወረቀት አደለን፤ አናቱ ላይ አሥራ አንዱ ቃላት፣ ከታች ባዶ። «የሠራሁትም የምጽፍበትም እኔው ነኝ» አለ። «ማሽኑ የሚገባው ቋንቋው ይሁን የእኔ ልማድ አላወቅኩም። አሥር መስመር ጻፉልኝ። በተለይ ተሳሳቱልኝ፤ እኔ የማላስበውን ስህተት ነው የምፈልገው።»

ቢሯችን ሕያውን ሰው ከሟቾች ጋር መዝግቦ፣ እጁን ታጥቦ ምሳ የሚወጣ ቢሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ በነጻ ስንሳሳት የምንውል ሰዎች፣ ስህተት ብንለመን ነፈግን። ጸሐፊው ወረቀቱን አጣጥፎ የሚነቃነቅ ጠረጴዛውን እግር ደገፈበት። እኔ፣ ሁለት ዲግሪ የተሸከምኩት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ዛሬ ነጭ ነው።

በየወሩ እየመጣ በሩ ላይ ይቆም ነበር። የመጨረሻውን ጊዜ በምርኩዝ መጣ።

«አሥሩ ይቅር» አለኝ። «አንዲት መስመር። የተበላሸች ትሁን።»

«ነገ» አልኩት።