ስሙ የተሰረዘው ሟች

ጁባ፣ ሸሪካት ሰፈር፤ ሠርፀ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ስልኩ ላይ ለሰባተኛ ጊዜ ጻፈ፦ «የተገደለው ታፈረ ወልደጊዮርጊስ ይባላል።» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ አርታኢ ሰረዘበት። «ምንጭ ይጥቀሱ።»

ደሙ ፈላ። ስለ ተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ የተጻፈው ገጽ የትውልድ መንደሩን፣ የተማረበትን፣ የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ሳይቀር ይዘረዝራል። ይሄ ሁሉ ለገዳይ! አሥራ አንድ ዓመት የሠርፀ የሱቅ ጎረቤት የነበረው ታፈረ ግን «አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ» ተብሎ ታልፏል።

«ምንጩ እኔ ነኝ! የገነዝኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ጻፈ።

«የግል ምስክርነት አንቀበልም። የጋዜጣ ዘገባ ያያይዙ።»

አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ «ስኳር ፊ?» ብሎ ስኳር እንዳለ በዐረብኛ ቢጠይቀው፣ የስኳሩ ጆንያ ፊቱ ተገትሮ «ማፊ!»፣ የለም ብሎ ጮኸበት።

ጋዜጣማ መጥቶ ነበር። ታፈረ በተገደለ ማግስት ጋምቤላ ያደገች ጋዜጠኛ ደብተሯን ይዛ እዚሁ በር ላይ ቆማ የሟቹን ስም ጠይቃዋለች። የለመናት ራሱ ሠርፀ ነው፦ «እባክሽ እህቴ፣ እናቱ ጎጃም ናቸው፤ ገና አልተረዱም። መርዶ ሳይነገራቸው ስሙን እንዳታወጪ።»

እሺ አለችው። ቃሏንም ጠበቀች፤ «አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ» ብላ ጻፈች።