ከባርሴሎና በረረች የተባለችው ርግብ

ኦዲል ከፈረንሳይ በስተሰሜን ባለችው በኮርትሬይክ ከተማ፣ በአንድ የበፍታ ፋብሪካ ሲሸምን አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ሚስቱ ጎደሊቭ ከሞተች ወዲህ ሐሳቡም ደስታውም ጣሪያው ሥር ያሉት ርግቦቹ ነበሩ። ከባርሴሎና ወደዚያ አገር በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ግድም ነው ይባላል፤ ኦዲል ግን ተሳፍሮ አያውቅም። እሱ ርቀቱን የሚለካው በርግብ ክንፍ ነው። ለውድድር ተወስዳ ባርሴሎና ላይ በጠዋት የተለቀቀች ርግብ ተራራውን ተሻግራ፣ ፈረንሳይ አንዱ ጥግ አድራ፣ ብርቱ ከሆነች በማግስቱ ትገባለች። ስትገባም ሥጋዋ መንገድ ላይ አልቆ እንደ ገለባ ትቀልላለች።

ሬሚ የፋብሪካ ባልደረባው ነው። ዕድሜያቸውን ጎን ለጎን ሸምነዋል፤ የጎደሊቭን ሬሳ ከተሸከሙትም አንዱ እሱ ነበር።

የዚያ ዓመት ውድድር ዝናብና የፊት ነፋስ ገጠመው። በማግስቱ የማንም ርግብ ብቅ ሳትል የሬሚ ርግብ ቀድማ ገባች ተባለ። የርግብ አወዳዳሪው ማኅበርተኛ ቢራ ቤት ተሰብስቦ ተንጫጫ።

«ሬሚ፣ ሞተር ገጠምክላት እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ ካሚል። ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። ርግብ ስትደርስ ከእግሯ ወልቆ ባለቤቷ ቤት ባለው ሰዓት መመዝገቢያ ውስጥ የሚገባውን የጎማ ቀለበት፣ ርግቦቹ ለጉዞ ሲጫኑ በየእግራቸው ያሰረው ራሱ ሬሚ ነበርና።

ኦዲል ብድግ አለ። «አታፍሩም? ሬሚ ሌባ ከሆነ እኔም ሌባ ነኝ! በጎደሊቭ መቃብር እምላለሁ!»

ከዚህ ወዲያ ማን ይናገራል? ድሉ ጸደቀ።

በማግስቱ ኦዲል ባለድሏን ሊያይ ሬሚ ቤት ሄደ። ርግቧን አቀፋት። ከባድ ናት፤ ደረቷ ሙሉ፣ ላባዋ ያልተነካ።

«ሬሚ፣ ይቺ ርግብ ከቤትህ ወጥታ ታውቃለች?»

«በልታ ነው የከበደችው። ተወው ባክህ።»

«በአንድ ሌሊት ማን ይወፍራል?»

ሬሚ ፊቱ ቀላ። «እሺ፣ ቀለበቷን ኪሴ ከትቼ በሷ ፈንታ ሌላ ርግብ ላክሁ፤ በማግስቱ ቀለበቱን ቤቴ ሆኜ ሰዓቱ ውስጥ ከተትኩት። ምናለበት? ሁሌ ስሸነፍ ልሙት?»

«እኔስ? በሚስቴ መቃብር አስማልከኝ እኮ!»

«ማል አልኩህ እንዴ? ዘለህ የተነሳኸው አንተ! አሁን ብትናገር በሐሰት የማለው ማን ሊባል ነው?»

ኦዲል ርግቧን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጣትና ወጣ። እሑድ አበባ ይዞ መካነ መቃብሩ በር ድረስ ሄደ፤ መግባት ግን አቃተው። አበባውን ለማያውቃት ሴትዮ ሰጥቶ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተነስቶ ሁሉንም ዘረገፈው።

«ያን ቀን የማልከውስ?» አለ ካሚል።

«ሐሰት ነበር። እኔ ግን እውነት መስሎኝ ነው የማልኩት።»

የሬሚ ድል ተሰረዘ። እሱም ሳይውል ሳያድር ጎረቤት ከተማ ያለ ማኅበር ገባ፤ እዚያም በእልልታ ተቀበሉት አሉ። ኦዲልን ክፉ የተናገረው የለም፤ ብቻ ማኅበሩ ውስጥ ጠብ በተነሳ ቁጥር እንደ ድሮው «ኦዲል ይመስክር» ማለት ቀረ።

በመኸር ዳቦ ቤት ተገናኙ። ሬሚ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ፣ «ርግቦችህ ደህና ናቸው?» አለው።

ኦዲል ዳቦውን አቅፎ ወጣ። ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ኖሮ ሻጯ መንገድ ድረስ ተከትላ አቀበለችው።