አባቴ ትልቁን ዓባይ ያዩ ዕለት

አባቴ ዓባይን የሚያውቁት ሰከላ፣ ምንጩ አጠገብ፣ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ቀጭን ውሃ ሆኖ ነው። ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው፤ ከብቶቻቸውንም የሚያጠጡት ከዚያው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር፣ «ያ የኛ ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ባሕር ያህላል ይላሉ። እውነት ነው?» ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ «ይነሡ፣ ሄደን እንየው» አልኳቸው።

በማለዳ ተነሥተን በማንኩሳ በኩል ቡሬ ገባን። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘን፤ ሹፌሩ ሽበታቸውን አይቶ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠን። ቁልቁለቱ ሲጀምር የጤፉ ማሳ ቀረና ሽመልና ዋርካ ተተካ። ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ያዩናል። ሙቀቱ ሲበረታ አባቴ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

ድልድዩ አጠገብ ወረድን። አባቴ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ «ይኼ ሁሉ ከኛ ጓሮ የወጣ ነው?» አሉኝ።

«ብቻውን አይደለም አባዬ። በመንገዱ ብዙ ወንዝ ገብቶበታል።»

«እንኳን ገቡለት!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ወረዱ። እንደ አገራቸው ፊታቸውን ሊታጠቡ ነው። እኔ ማዶ ያለውን ገደል እያየሁ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ሴት «አዞ! አባቴ፣ ይውጡ!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። ዞር ሳልል አልፋኝ ሮጠች። አባቴን በወገባቸው አቅፋ ወደ ኋላ ስትጎትታቸው ሁለቱም አሸዋው ላይ ወደቁ። እግራቸው በነበረበት ቦታ ጠቆር ያለ ራስ ብቅ ብሎ ተመልሶ ጠለቀ። ከትከሻቸው የወደቀውን ጋቢ ውሃው ይዞት ሄደ።

እኔ ሮጬ ደርሼ ሁለቱንም አነሣኋቸው። አባቴ ትንፋሻቸው ሲመለስ የሴትዮዋን ትከሻ ሳሙ። «ዕድሜ ይስጥሽ የኔ ልጅ። የወለድሽው ይባረክ» አሏት።

«ከመኪናው ከወረዳችሁ ጀምሮ ዓይኔን ከእናንተ አልነቀልኩም» አለች እየሳቀች። «እናንተ ደገኞች ውሃ ስታዩ አትታገሡም።»

ቤቷ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ነበር። ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ማንጎ ቆርጣ አበላችን። ልንሄድ ስንነሣ የባሏን ቡልኮ አምጥታ አባቴ ላይ ደረበችላቸው። «ቡሬ ስትደርሱ ይበርዳል» አለች። እምቢ ቢሉ አልሰማቻቸውም።

ማታ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አባቴ እራት ሳይበሉ ቆመው ጸለዩ። ለራሳቸው አንድም አልለመኑም፤ ጸሎቱ ሁሉ ለሴትዮዋ፣ ለባሏና ለልጆቿ ነበር።

በመስከረም ማር አስይዘው ወደ ሴትዮዋ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሆንን። በኋላ ትልቋ ልጇ ትምህርት ለመቀጠል ፍኖተ ሰላም መጣች፤ እስክትጨርስ ከእኔ ጋር ኖረች። አባቴ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ከደጅ ሆነው አስቀድመው የሚጠሩት እሷን ነበር። እኔም አንድ ቀን አልከፋኝም። እናቷ ባትሮጥ ኖሮ ያ የአባቴ ድምፅ ደጄ ላይ ባልተሰማ ነበር።